ይታይሽ ነጠላዋን ስታዘቅዝቅ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ስልኬን ተቀብላ የምሠራውን ጌም ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ልብስ መምረጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ ለጎረቤት ለቅሶም ነጠላ ይዘቀዘቃል ወይስ ለዘመድ ብቻ ነው?» አለቻት። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ መለሰችላት። ከዚያ ሁለቱ ይከራከሩ ጀመር። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። 14 ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረው ይህንን ነው። አንድ ሰው ልብስ ከመምረጡ በፊት ቆም ብሎ «ሲያዩኝ ምን ይላሉ?» ብሎ እንዲያስብ።

ከዚያ በፊት ማንም ቆሞ አያውቅም። ሁሉም ትልቁ ቁጥር ያለበትን ልብስ ነክቶ፣ ወይም ምንም ሳይነካ ያልፍ ነበር።

የፍቅር ታሪክንና ልብስ ማልበስን አንድ ላይ የያዘ የስልክ ጌም ለምትሠሩ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለቱን ማጋባት ከሥዕሉም ከኮዱም የበለጠ አድክሞኛል። አሁንም ሙሉ በሙሉ ተሳክቶልኛል አልልም። ግን አንድ ትዕይንት ተሳክቷል። እንዴት እንደተሳካ ልንገራችሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቀን አክስቴ የባህል ልብስ ቤት እሠራለሁ። ጥለት አስመርጣለሁ፣ ልክ እለካለሁ፣ ነጠላ አጥፌ ለደንበኛ እሰጣለሁ። ማታ ጌሜን እሠራለሁ። የጀመርኩት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ይታይሽ የምትባል ልጅ ከሞጣ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥታ ልብስ ቤት ትቀጠራለች። አንለይ የሚባል መምህር ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ይመጣል። ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ሁለቱም ስሞች እዚሁ ጎጃም ስሰማቸው ያደግኩባቸው ናቸው፤ ትርጉማቸው ለታሪኩ ስለሚሄድ ሌላ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ላይ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የምሠራበት ሬንፓይ ነው። ቶም ሮዘሜል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው፣ በነጻ የሚገኝ፣ ወሬና ምርጫ ለሚበዛባቸው ጌሞች የተሠራ ፕሮግራም ነው። አንዴ የሚያስፈልገውን ሁሉ አውርዳችሁ ካስቀመጣችሁ ኔት አይጠይቅም። እዚህ ለምንኖር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ሳምንታት የእኔ ሥራ አልቆመም። ሥዕሉን በክሪታ እሥላለሁ። እሱም ነጻ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣብኝ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጌሙ ፎልደር ውስጥ አስገብቼ፣ ጽሑፉ በእሱ እንዲወጣ ሳዝዘው ተስተካከለ። ቀጥሎ ስልኩ ይንቀራፈፍ ጀመር። ቀሚሱንም፣ ነጠላውንም፣ ጫማውንም በሙሉ ስክሪን ልክ፣ በ1080 በ1920 ፒክስል ነበር የምሥለው። እንዲህ ያለ አንድ ሥዕል ሜሞሪ ላይ ሲከፈት 8 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ፋይሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ሰባት ስምንቱ ሲደራረብ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ይጨነቃል። ወደ 720 በ1280 ሳወርደው ከግማሽ በታች ሆነ። ዓይን ደግሞ ልዩነቱን አያይም።

በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ቴክኒኩ አይደለም የሚያስቸግረው።

የሚያስቸግረው እንዲህ ነው። ጌም መሥራት ከመጀመሬ በፊት የዚህ ዓይነት ጌም ብዙ ተጫውቻለሁ። አንዱን አራት ወር ተጫወትኩት። ስሙን አልጠራም። ታሪኩ በጣም ያምር ነበር። ልጁ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ «ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ» ይላል። ልክ እዚያ ላይ ስክሪኑ ይቀየራል። «ለመቀጠል የአለባበስ ነጥብ 12,000 ያስፈልጋል» ይላል። እኔ 9,000 ነው ያለኝ። ስለዚህ የቆዩ ምዕራፎችን እየደጋገምኩ ጨርቅ መልቀም ነው። ጉልበት የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ያልቃል። እስኪሞላ መጠበቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ነጥቡ ሞላልኝ። በሩ ተከፈተ። ልጁ ዝናቡ ላይ እንደቆመ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ስሜቴ የለም። ምን ብሎ እንደነበርም ዘንግቼዋለሁ። ደግሞ ነጥቡን ያገኘሁት የባሕር ዳርቻ ኮፍያና የሠርግ ቀሚስ ደርቤ ነው። ልጁ ዝናብ ላይ የሠርግ ቀሚስ ለብሳ የቆመች ሴት እያየ አንድ ቃል አይልም።

ሁለት ጌም ነው የተጫወትኩት። አንዱ የሚነበብ ታሪክ፣ ሌላው ቁጥር መልቀም። መሃላቸው ላይ ግድግዳ አለ። ልብሱ የግድግዳው በር ላይ የሚከፈል ክፍያ ነው።

ነጥብ መስጠት በራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ላቭ ኒኪ የሚባለውን የልብስ ማልበሻ ጌም የምታውቁት ታውቃላችሁ። እዚያ ልብስ የሚመዘነው በአምስት ጥንድ ባሕርያት ነው። ቀላል ወይም ያሸበረቀ፣ ለስላሳ ወይም የበሰለ፣ ቀልጣፋ ወይም ግርማ ያለው፣ ንጹሕ ወይም ማራኪ፣ ቀዝቃዛ ወይም ሞቃት። እዚያ ያስኬደዋል። ምክንያቱም በዚያ ዓለም ሰዎች ጠባቸውን የሚፈቱት በአለባበስ ውድድር ነው። ታሪኩ ራሱ ልብስን ፍልሚያ አድርጎታል። ስለዚህ ነጥቡ የታሪኩ አካል ነው። እኔ ያጠፋሁት ይህን ሳላስተውል ነው። ቁጥሩን ወሰድኩና ዓለሙን ተውኩት። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ማንም በአለባበስ ተወዳድሮ ጠብ አይፈታም።

የመጀመሪያው ጌሜ እንግዲህ እንደነሱ ነበር። እያንዳንዱ ልብስ ውበት፣ ጨዋነትና ሙቀት የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ነበሩት። እያንዳንዱ ምዕራፍ መግቢያው ላይ የሚጠይቀው ነጥብ አለው። ጉልበት የሚባለውንም ሳይቀር አስገብቼ ነበር። ለምን እንደሆነ ስታስቡት ያሳዝናል። እነሱ ጉልበት እየሸጡ ገንዘብ ያገኙበታል። እኔ ምንም አላገኝበትም። ጌም ማለት እንደዚያ ነው ብዬ ነው። ያንን ለመሥራት አምስት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ለአክስቴ አሳየኋት። እሷ ጌም ተጫውታ አታውቅም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጎረቤት አንድ አዛውንት አርፈው ይታይሽ ለቅሶ ትደርሳለች። አክስቴ ዓይኗን ሳትመልስ ተራ ነጭ ቀሚስ መረጠች። ነጠላ ደረበችላት። ጌሙ፣ «አለባበስሽ አይመጥንም፤ ጨዋነት 300 ያስፈልጋል» አላት። የመረጠችው 190 ነው። ልብሱን እየቀያየረች ብትሞክር 340 ያለው በወርቅማ ክር ደረቱና ጫፉ የተጠለፈው የሠርግ ቀሚስ ሆኖ ተገኘ። እሱን ስታለብሳት በሩ ተከፈተ።

አክስቴ ስልኩን መለሰችልኝና፣ «ልጄ፣ ይህች ልጅ ወላጅ አላሳደጋትም እንዴ?» አለችኝ። እንደ ቁም ነገር ነው የጠየቀችኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልብስ ቤት ነው የምውለው። ነጠላ እንዴት እንደሚናገር እኔ አውቃለሁ። ለቤተ ክርስቲያን በመስቀልኛ ይጣፋል፣ ጥለቱ በሁለቱም ትከሻ ይወርዳል። ለሐዘን ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይመጣል። ታላላቆችን ሲያስተናግዱ ያደገድጉበታል። ለአዘቦት ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ያው አንድ ጨርቅ ነው። አራት ነገር ይናገራል። ሴትዮ በራፌ ላይ ስታልፍ ነጠላዋን አይቼ ከየት እንደመጣች እገምታለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ጌሜ ውስጥ ነጠላን «ጨዋነት 40» ብዬ ጻፍኩት።

ሁለተኛው ሙከራዬ ተቃራኒው ነበር። ተናድጄ ነጥቡን በሙሉ ደመሰስኩት። የፈለጋችሁትን ልበሱ፣ ታሪኩ ይቀጥላል። ለሦስት ጓደኞቼ ሰጠኋቸው። ሦስቱም ልብስ መምረጫውን ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ሳይነኩት አለፉ። አንዷ፣ «ለምን እለውጣለሁ? ማን ያያል?» አለችኝ።

ማን ያያል። ይህንን ቃል ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት። አሁንም አለ።

ሰው ልብስ የሚመርጠው ስለሚታይ ነው። የሚያየው ሰው ደግሞ ያየውን ይናገራል፣ ወይም እያየ ዝም ይላል። ስለዚህ ልብሱን መመዘን ያለበት ጌሙ አይደለም። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ሙከራዬ ከዚህ ተነሣ። አሁን የምሠራውም እሱን ነው።

እዚህ ላይ ግን ሌላ መከራ መጣ። ስድስት ቀሚስ፣ አምስት ነጠላ፣ አራት የአደራረብ ዓይነት፣ አራት የጸጉር አሠራር፣ ሦስት ጫማ አለኝ እንበል። ሲባዛ 1,440 ዓይነት አለባበስ ይሆናል። ለእያንዳንዱ እያንዳንዱ ሰው የሚለውን መጻፍ አይቻልም። ለሳምንታት ወረቀት ስሞነጫጭር ከረምኩ።

መንገድ ያሳየኝ አንድ የቆየ ንግግር ነው። ኢላን ራስኪን የሚባል፣ ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ያቀረበው ነው። ነገሩ የተኩስና የዞምቢ ጌም ላይ ነው እንጂ ከቀሚስ ጋር አይገናኝም። ሐሳቡ ግን እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርይው ሊናገር የሚችለው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ሁኔታዎች አሉት። «ቦታው እዚህ ከሆነ፣ ይህ ሰው አጠገቡ ካለ፣ ከቆሰለ» እያለ። መናገሪያው ሰዓት ሲደርስ ጌሙ ሁኔታቸው የተሟላውን ይሰበስብና ከእነሱ ውስጥ ብዙ ሁኔታ ያለውን ይመርጣል። ይበልጥ የተለየው ያሸንፋል ማለት ነው። ምንም ካልገጠመ ደግሞ ጠቅላላ የሆነው ይነገራል። ለ1,440 አለባበስ 1,440 መልስ አያስፈልግም። ሠላሳ ጥሩ መልስ ይበቃል።

ይህንን ወሰድኩና አንድ ነገር ጨመርኩበት። ሰው ሁሉንም እኩል አያይም። ልብስ ቤት ስትውሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ሸማኔ መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። እናት የምታየው የቀሚሱን ርዝመት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የዓይን ቅደም ተከተል ሰጠሁት። የአንለይ እናት መጀመሪያ የሚያዩት አንገት ነው፤ ማተብ አለ ወይ? ቀጥሎ የነጠላው አደራረብ። የልብስ ቤቷ ባለቤት ጥልፉን ታያለች፣ የእሷ ቤት ሥራ ይሁን የሌላ። አንለይ የሚያየው ጫማ ነው። ገጠር ያስተማረ ሰው ነው። በእግር መንገድ የመጣ ሰው ያውቃል።

ልብሶቹም ቁጥራቸው ቀርቶ መለያ ቃል ተሰጣቸው። «ሐዘን»፣ «ሠርግ»፣ «አዘቦት»፣ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ጭቃ»፣ «ውድ»፣ «የሞጣ»። ነጠላ ደግሞ ቃሉን የሚያገኘው ከዕቃው አይደለም፤ ከአደራረቡ ነው። ያው ነጠላ ሲዘቀዘቅ «ሐዘን» ይሆናል። ይህች ትንሽ ነገር የጌሙን ግማሽ ለወጠችው። ተጫዋቹ አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልገውም። ያለውን እንዴት እንደሚለብስ ማወቅ ነው ያለበት።

የለቅሶውን ትዕይንት እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁን በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። በሠርግ ቀሚስም መግባት ይቻላል። ስትገቡ ግን ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወሬ ያቆማሉ። ከመካከላቸው አንዷ ቦታ ትለቅላታለች፣ ግን ሳታያት። ሌላ ቅጣት የለም። ነጥብ አይቀነስም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከገባች ደግሞ አንለይ ከውጭ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያያታል። ምንም አይልም። ዝም ይላል። የተጫዋቹ ስክሪን ላይ ምንም ልብ፣ ምንም ኮከብ አይወጣም። ሁለት ምዕራፍ ካለፈ በኋላ ነው፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ሲሄዱ፣ «ያን ቀን ለቅሶው ላይ ሳይዎት፣ እዚሁ ያደጉ ነው የመሰለኝ» የሚላት።

ይህንን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። ልብሱና ፍቅሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካኩ።

ምክር ቢባል ከዚህ የምሰጣችሁ አንድ ነገር ነው። መልሱን አዘግዩት። ተጫዋቹ ልብስ መርጦ ወዲያው «ጎበዝ!» ከተባለ ፈተና ይሆንበታል። ከቆየ በኋላ ሰው ሲያስታውስለት ግን ትዝታ ይሆናል።

አንለይ «ሳይዎት» ማለቱን አስተውላችኋል? ይህ ሌላው የምወደው ነገር ነው። መጀመሪያ የፍቅር መለኪያ ነበረኝ። ከላይ በቀኝ በኩል ቀይ ልብ፣ «340 ከ500»። አወጣሁት። እኛ ቋንቋችን ውስጥ መለኪያ አለን። ሰው ከእርስዎ ወደ አንቺ ሲሻገር የሚሰማ ነገር አለ። ምን ያህል መቶኛ እንደተዋደዱ ቁጥር አያስፈልገንም። አንለይ ለሰባት ምዕራፍ «እርስዎ» እያላት ይቆያል። ከዚያ አንድ ማታ፣ ዝናብ ሲመጣ፣ «ነይ ግቢ» ይላታል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ላይ ስትደርስ ጮኸች። ቁጥር ሲሞላ የሚጮህ ሰው አላየሁም።

ዋጋ አለው ታዲያ። በአማርኛ አንድ ቃል ለውጦ ማለፍ አይቻልም። ግሱ ሁሉ ይለወጣል። «ይምጡ» እና «ነይ» የሚገናኙበት ፊደል የለም። የአንለይን 212 ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ሁለቴ ጻፍኳቸው። ሁለት ወር ያህል ወስዶብኛል። አልቆጨኝም።

አሁን ደግሞ አራት ሌሊት የበላብኝን ስሕተት ልንገራችሁ፤ በአማርኛ የምትሠሩ ሁሉ ይደርስባችኋል። ሬንፓይ ከ8ኛው ዕትም ጀምሮ የሚሠራው ፓይተን 3 በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው፤ እሱ ደግሞ ፊደላችንን ይቀበላል። መለያ ቃላቶቼን በሙሉ በፊደላችን ነው የጻፍኩት። ደስ ይላል። ኮዱን ሳነበው ታሪኩን ያነበብኩ ይመስለኛል። ግን የለቅሶው ትዕይንት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። አንለይ ድንኳኑ በር ላይ የሚቆመው በአንዳንዱ ነጠላ ብቻ ሆነ። ኤረር አይወጣም። ዝም ብሎ ጠቅላላውን መልስ ይናገራል። ሁኔታዎቹን አሥር ጊዜ ፈተሽኳቸው። ትክክል ናቸው። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ያው ነው። ሦስት ቀን ለራሴ «ይህ ሐሳብ አይሠራም ማለት ነው» እያልኩ ወደ ነጥቡ ልመለስ ነበር።

በአራተኛው ሌሊት ፊደሉን አየሁት። ሦስቱ ነጠላዎች ሲዘቀዘቁ የሚያገኙትን ቃል «ሐዘን» ብዬ ጽፌአለሁ። የሁለቱን «ሀዘን»። ለእኔ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ሠርግ» እና «ሰርግ»ም እንደዚሁ ሆነው አገኘኋቸው። ድንገት ሲታየኝ አለቀስኩ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም መለያ ቃል ከመነጻጸሩ በፊት የሚያልፍባት ትንሽ ፋንክሽን ጻፍኩ። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትመልሳለች። ሰባቱንም እርባታ ማስገባት አትርሱ፤ እኔ መጀመሪያ ግዕዙን ብቻ አስገብቼ «ኃ» አመለጠችኝ። ሁለተኛ፣ የተፈቀዱትን ቃላት በሙሉ አንድ ቦታ ዘረዘርኳቸው። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ቃል ከመጣ ጌሙ ገና ሲከፈት በኤረር ይቆማል። ሁለተኛው ይበልጣል። ዝም የሚል ስሕተት ከሚጮህ ስሕተት የከፋ ነው። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ባደርገው ኖሮ እነዚያን ሌሊቶች እተኛቸው ነበር።

ጠንከር ያለ አቋም የያዝኩባቸው ነገሮች አሉ። ልብሱን ሳትሥሉ ወሬውን ጻፉ። እኔ 60 ልብስ ሣልኩ፤ ከእነሱ 41ዱን ጌሙ ውስጥ ማንም አይቶ የሚናገርባቸው የለም። ማንም የማይናገርበት ልብስ ባይኖር ይሻላል። የጉልበት መጠበቂያ አታስገቡ። ሰው ታሪክ መሃል አስቁማችሁ ስድስት ሰዓት አታስጠብቁት። ጌም ለማይጫወት ሰው አሳዩ። ጌም የለመደ ሰው ግድግዳውን ለምዶታል፣ አያማርርም። ለአክስቴ ባላሳያት ኖሮ ዛሬም ይታይሽ በወርቅማ ጥልፍ ለቅሶ ትደርስ ነበር።

ይህን ሁሉ እየመከርኩ ራሴ ያላደረግኩት አለ። ጌሜ ውስጥ የሹሩባ መሥሪያ ትንሽ ጨዋታ አለች። ጣትን ከምት ጋር እያስማሙ ጸጉሩን መጎንጎን ነው። በጣም ታምራለች። ድምፁ ሳይቀር ከእውነተኛ ማበጠሪያ የቀዳሁት ነው። ከታሪኩ ጋር ግን አትገናኝም። በደንብ ብትሠሩትም ባትሠሩትም ጸጉሩ ያው ሹሩባ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ያ የነቀፍኩት ግድግዳ በእኔ ቤት እሷ ናት። ማውጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሁለት ወር ደክሜባታለሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ፤ በሚጎነጎንበት ጊዜ የምትሠራላት ሴት ወሬ እንድታወራላት፣ ምቱ ከወሬው ጋር እንዲሄድ፣ ከሳተች ሴትዮዋ «ራስሽን አታንቀሳቅሺ» ብላ ወሬውን እንድታቋርጥ። እዚህ ከተማ ወሬ የሚሰማው ሹሩባ ሲሠሩ ነውና ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ገና አልሞከርኩትም።

አሁን የተያዝኩት ጥምቀት ላይ ነው። የታሪኩ መጨረሻ ጥር 11 ነው። ታቦቱ ሲመለስ ይታይሽና አንለይ ሕዝብ መሃል ይገናኛሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ችግሬም እሱ ነው። የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ያለውን ጥሩ ልብስ ይለብሳል። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ጥልፍ ነው። ሁሉም ሰው ሲያምር ልብስ ምን ይናገራል? እስካሁን የሠራሁት በሙሉ የተመሠረተው አንዷ ከሌሎቹ በመለየቷ ላይ ነበር።

ሎሚ ውርወራም አለ። የዱሮውን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ደረቷ ላይ ይመታታል። መጀመሪያ ይህን የማነጣጠር ጨዋታ አድርጌው ነበር። የሚመላለስ ቀስት፣ አረንጓዴው ላይ ሲደርስ መንካት። ከሳተ አንለይ ሌላ ሴት ይመታል። ሳየው አፈርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የተገነባ ፍቅር በጣት ፍጥነት አይወሰንም። አወጣሁት። አሁን አንለይ ሎሚውን የሚወረውረው «አንቺ» ማለት ከጀመረ ብቻ ነው። ካልጀመረ ሎሚው እጁ ውስጥ ይቀራል፣ እያሽከረከረ ይዞት ይቆማል።

ልብሱን በተመለከተ ትናንት ማታ አክስቴን ጠየቅኳት። በጥምቀት ሁሉም አምሮ ሳለ የሰው ምኑን ታያለሽ ብዬ። ክሩን እያጠመጠመች አሰበችና፣ «የማን እጅ እንደሠራው አያለሁ» አለችኝ። ይታይሽ ልብስ ቤት ነው የምትሠራው። እስከ ጥምቀት ድረስ ባለው ጊዜ ለራሷ ቀሚስ እየጠለፈች ብትቆይስ? በየምዕራፉ አንድ መስመር። ለቅሶ የሄደች ቀን የጠለፈችው መስመር ጥቁር ቢኖርበት፣ ዝናቡ ቀን የጠለፈችው ክሩ ቢዛነፍ። ጥምቀት ላይ ስትለብሰው አንለይ የዚያን ጊዜ ጫማዋን ትቶ ጥልፉን ያያል።

ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን መስመር ሥያለሁ። ቀለሙ የሞጣ አፈር እንዲመስል ፈልጌ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ ገና አልወደድኩትም።